ካርቡራተሩን ገና አትንኩት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ገጽ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከሐረር ነው። የ1980 ሞዴል (በፈረንጆቹ) ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለችኝ። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቤንዚን፣ ባለ ካርቡራተር ነው። ከሐረማያና ከአዴሌ ድንችና ሽንኩርት ጭኜ ድሬዳዋ አወርዳለሁ። ስመለስ ደግሞ የሱቅ ዕቃ እጭናለሁ። ቤተሰቤን የማስተዳድረው በእሷ ነው። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ክፉኛ ትንቀጠቀጣለች። እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ልትጠፋ ትደርሳለች። ትራፊክ ሲያስቆመኝ በአንድ እግሬ ፍሬንም ነዳጅም መያዝ ሆኗል ሥራዬ። ስነዳት ግን ደህና ናት። የደንገጎን ዳገት ጭነት ይዛ ትወጣለች። ሁለት ጋራዥ አስገብቻታለሁ። አንደኛው ካርቡራተሩን ፈቶ አጠበ። ሁለተኛው ኪት ቀየረ፣ ካንዴላ ቀየረ፣ ሚኒሞውን ከፍ አደረገ። ለትንሽ ጊዜ ተሻላትና ተመልሳ ያው ሆነች። አሁን አንድ መካኒክ «ይኼን ሞተር አውጣና ናፍጣ አስገባ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞተሩን አታስወጣ። ናፍጣ ለማስገባት የምታወጣው ገንዘብ የብዙ ወር የጭነት ገቢህን ይበላል። ደግሞ ጭነት ይዞ ደንገጎን የሚወጣ ሞተር ያለቀለት ሞተር አይደለም። ፒስተኑና ሪንጉ አልቀው ቢሆን ኖሮ ዳገቱ ላይ ነበር የሚያስታውቀው።

ትልቁን ፍንጭ ራስህ ጽፈኸዋል። ስትነዳት ደህና ናት፣ ስትቆም ትታመማለች። ሚኒሞ ላይ የካርቡራተሩ ስሮትል፣ ማለትም የአየሩ በር፣ ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ነው። ከስሮትሉ በታች ያለው የመሳብ ኃይል ግን በጣም ከፍተኛ ነው። በዚያ ሰዓት በአንዲት ስንጥቅ የምትገባ ትርፍ አየር የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ ታበላሸዋለች። ነዳጅ ስትሰጣት በዋናው በር ብዙ አየር ስለሚገባ ያቺው ስንጥቅ ከቁጥር አትገባም። አንድ ማንኪያ ጨው ሲኒ ቡና ውስጥና ጀሪካን ውሃ ውስጥ አንድ አይደለም።

ሰው ሞተር ሲንቀጠቀጥበት እጁ ቀድሞ የሚሄደው ካርቡራተር ላይ ነው። ላይ ተቀምጧል፣ ይታያል፣ የሚዞር ቪቴ አለው። ይኼ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ስንት ደህና ካርቡራተር በከንቱ ተፈትቶ ሲበላሽ አይቻለሁ። ካርቡራተር የሚስተካከለው ሌላው ሁሉ ልክ ከሆነ በኋላ ነው። ቫልቩ ጠቦ፣ ወይም አየር ሾልኮ እየገባ ካርቡራተር ብታስተካክል በበሽታው ላይ ነው የምታስተካክለው። ሚኒሞውን ከፍ ማድረግም በሽታውን መሸፈን ነው።

እኔ ሙያውን የተማርኩት ከድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ በወጡ አንድ አዛውንት እጅ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መንካት አይፈቅዱልንም ነበር። አንዱን ትነካለህ፣ ታስነሳለህ፣ ታዳምጣለህ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። አንተም እንዲሁ አድርግ።

መጀመሪያ የትኛው ሲሊንደር እንደሰነፈ እወቅ። ሞተሩን በደንብ አሙቀው። ሚኒሞ ላይ ተወውና እጀታው በላስቲክ የተሸፈነ ፒንሳ ይዘህ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅለህ መልስ። በባዶ እጅ እንዳትነካ፣ ያንዘረዝርሃል። ነቅለህም ብዙ አታቆየው። አንዱን ስትነቅል ሞተሩ ይበልጥ ከተንገጫገጨ፣ ያ ሲሊንደር ሥራውን እየሠራ ነበር ማለት ነው። ስትነቅለው ምንም ለውጥ ካልመጣ ሰነፉን አገኘኸው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍ። የሚቆጠረው ከራዲያተሩ በኩል ጀምሮ ከ1 እስከ 6 ነው።

አንድ ብቻ ከሆነ የዚያን ካንዴላና ገመድ ጥሩ ከሚሠራው ጋር አቀያይር። ሰነፍነቱ አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ወይም የገመዱ ነው። እዚያው ከቀረ ቫልቩን፣ ኮምፕሬሽኑን ወይም የዚያን ሲሊንደር የማኒፎልድ (ድብልቁን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) መግቢያ ጠርጥር። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከሰነፉ፣ በመካከላቸው የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ገመዶቹ እንዳልተቀያየሩ እይ። የአንተ ሞተር የሚያቀጣጥለው 1-5-3-6-2-4 በሚል ተራ ነው። ካንዴላ የቀየረው ሰው ገመድ አሳስቶ መልሶ ይሆናል። ሁሉም እኩል ደክመው ካገኘሃቸው ደግሞ ጥፋቱ ሁሉም የሚጋሩት ቦታ ላይ ነው፦ ካርቡራተሩ የተቀመጠበት ሥር፣ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ሰዓት)፣ ወይም ድብልቁ።

ቀጥሎ ቫልቭ። ከነገርከኝ ሁለት ጋራዥ አንዳቸውም የቫልቩን ሽፋን አላነሱም። ሞተሩ እንደ ሞቀ የማስገቢያው ቫልቭ ክፍተት 0.20፣ የማስወጫው 0.35 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ብዙ ባለመኪና «ቫልቩ ድምፅ የለውም፣ ጸጥ ያለ ነው» ብሎ ይደሰታል። አትደሰት። የጠበበ ቫልቭ ነው ድምፅ የማይሰጠው። ሲሞቅ ጨርሶ አይዘጋም፣ ጭስ ያሾልካል፣ ቀስ በቀስም ይቃጠላል። ሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጥ የመጀመሪያ ምልክቱ ነው። ትንሽ ጠቅጠቅ የሚል ቫልቭ ከዝምተኛው ይሻላል።

ፑንቲናውን፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጠውን፣ በቶሎ ልለፈው። ክፍተቱ ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ይሁን። ፊቱ ተቦርቡሮ ከሆነ መሞረዱን ተውና ከነኮንደንሰሩ ቀይረው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ገልብጠህ ውስጡን እይ፤ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለበት ስንጥቅ ነው፣ እሳቱ በዚያ ይሾልካል። ታይሚንጉ በፍላይዊሉ ላይ ባለችው ትንሽ ኳስ ይነበባል። ኳሷ ከጠቋሚው ጋር ስትገጥም 7 ዲግሪ ነው። ከዚያ ከዲስትሪቢዩተሩ ጎን ያለችውን የቫኪዩም ቱቦ ከካርቡራተሩ በኩል ነቅለህ በአፍህ ሳባት። ስበህ በምላስህ ስትደፍናት መያዝ አለባት። ዝም ብሎ አየር ከመጣልህ ቱቦዋ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ በምትገጥምበት ዕቃ ውስጥ ያለው ሽፋን ተቀዷል። ታይሚንጉም ይበላሻል፣ ትርፍ አየርም ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ከሁሉ የምጠረጥረው ትርፍ አየር ነው። የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ። እዚህ ላስቲክ አያረጅም፣ ይጠበሳል። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስል ቱቦ ከሥሩ ተሰንጥቆ ይገኛል። ባለፈው ከባቢሌ ለውዝ የሚጭን ሰው እንደ አንተው ያለች ፒክአፕ ይዞ መጣ። አንድ ጋራዥ አዲስ ካርቡራተር አስገዝቶታል። ያም አልሆነ ብሎ ሌላ አስገዝቶታል። መንቀጥቀጡ አልተወውም። እኔ ካርቡራተሩን አልነካሁም። ወደ ፍሬን ሰርቮው (ፍሬኑን ለእግር የሚያቀለው) የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በፒንሳ ቆነጠጥኩት። ሞተሩ ወዲያው ጸጥ አለ። ስንፈታው ከማሰሪያው ሥር፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ የጣት ጥፍር የምታስገባ ስንጥቅ ነበረች። በአንዲት ቱቦ ዳነች። ሰውየው ግን የሁለት ካርቡራተር ገንዘብ ከፍሏል።

አንተም እንደዚያው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ቆንጥጥ። አንዱን ስትቆነጥጥ ሞተሩ ከተረጋጋ አገኘኸው። ከቫልቭ ሽፋኑ ወደ ማኒፎልድ የሚሄደውን ቱቦ የምትይዘውን ትንሽ ቫልቭ፣ ፒሲቪ የሚሏትን፣ አውጥተህ አንቀጥቅጣት። ቅጭል ቅጭል ማለት አለባት። ዝም ካለች ደርቃለች ወይም ተከፍታ ቀርታለች። ይህቺ ርካሽ ዕቃ ናት፣ ቀይራት።

ከዚያ ትንሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ አድርግ። በካርቡራተሩ ሥር፣ በካርቡራተሩና በማኒፎልዱ መካከል ካለችው ወፍራም ጥቁር ማገጃ ዙሪያ፣ ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር በሚገጥምበት መስመር ሁሉ ቀስ እያልክ እርጭ። ዓይንህን ከጠብታዋ አታንሳ። ደህና ቦታ ላይ የወደቀች ጠብታ ትፈስሳለች ወይም ትተናለች። የሚያሾልክ ቦታ ላይ የወደቀችው ወደ ውስጥ ትጠፋለች፣ የሞተሩም ድምፅ ለአፍታ ይለወጣል። የማኒፎልዱ ዳዶዎች ከሙቀት ብዛት ይላላሉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር አጥብቃቸው። ያቺ ጥቁር ማገጃ ደግሞ ስትሰነጠቅ መስመሯ እንደ ጸጉር ነው። ፈትተህ በብርሃን ካላየሃት አትታይም። ካርቡራተሩን ያጠበው መካኒክ መልሶ ሲያስር ከልክ በላይ አጥብቋት ከሆነ በዚያው ተሰንጥቃ ይሆናል።

እባክህ ለዚህ ምርመራ ቤንዚን እንዳትረጭ። ብዙ ቦታ ይሠራበታል። በአንተ ሞተር ላይ ማስገቢያውና ማስወጫው በአንድ ጎን ናቸው። ማስገቢያው የሚቀመጠው በጋለው የጭስ ማኒፎልድ ላይ ነው። ቤንዚኑ እዚያ ከነካ ይቀጣጠላል። መኪናህን ብቻ ሳይሆን ፊትህን ታጣለህ።

ስለ ከፍታውም ልንገርህ፣ ምክንያቱም አንተ በሁለት አየር ነው የምትሠራው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ሐረር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ድሬ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ትንሽ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይሸታል። መኪናዋ የምታድረው ሐረር ስለሆነ ማስተካከያውን እዚያው አሠራ። ሐረር ውስጥ የፔጆ 404 ታክሲዎችን ሲጠግኑ የኖሩ መካኒኮች አሉ። ፑንቲናና ካርቡራተር እጃቸው ያውቀዋል። እነሱን ፈልግ። የቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል መለኪያ) ያለው ካገኘህ ደግሞ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር በቀጥታ እንዳይወስደው ንገረው። በባሕር ወለል ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል። ድሬ ላይ ከዚያ 4 ያህል፣ ሐረር ላይ 6 ያህል ይቀንሳል። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቀጥ ካለ ትርፍ አየር ወይም ዘግይቶ የሚቀጣጠል ታይሚንግ ነው። መርፌዋ በየተወሰነ ምት እየወደቀች ከተነሳች ግን ቫልቭ ነው።

ይኼ ሁሉ ተጣርቶ ካለቀ ብቻ ወደ ካርቡራተሩ ና። ከጎኑ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለችው። ቤንዚኑ መስኮቷ ላይ ካለው ምልክት ጋር እኩል መሆን አለበት። ቀይ ዝቃጭ ወይም ከሥር የተኛ ውሃ ካየህ ታንከሩንና ፊልትሮውን ጠርጥር፣ በተለይ ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ በጀሪካን የምትገዛ ከሆነ።

ቀጥሎ ሚኒሞ ላይ ነዳጅ የምትከፍተውን በኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ ቫልቭ ፈትሽ። ካርቡራተሩ ላይ ተጠምዛ የገባች፣ ሽቦ ያላት ናት። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት። ሽቦዋን ነቅለህ መልሰህ ስትነካ ጠቅ ማለት አለባት። ጠቅ ካላለች ሽቦው ተቆርጧል ወይም እሷ ሞታለች። ይህቺ ስትሞት ሞተሩ ነዳጅ ስትረግጥ ይሠራል፣ እግርህን ስታነሳ ይጠፋል። ደብዳቤህ ላይ የጻፍከውን ይመስላል፣ ስለዚህ እንዳትዘላት።

በመጨረሻ የድብልቁን ቪቴ ሞክር። በካቻቢቴ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ አዙር። ሞተሩ ሊጠፋ መድረስ አለበት። ምንም ካልመሰለው አንድም የሚኒሞው ቀዳዳ ተደፍኗል፣ አንድም ስሮትሉ ከልክ በላይ ተከፍቷል። የአንተ ሁለተኛው ጋራዥ ሚኒሞውን ከፍ ያደረገው ስሮትሉን ከፍቶ ነው። ስሮትሉ ሲከፈት ነዳጁ በሌሎች ቀዳዳዎች መምጣት ስለሚጀምር የድብልቁ ቪቴ ሥልጣኑን ያጣል። መጀመሪያ የፍጥነቱን ቪቴ ወደ ቦታው መልሰው። የድብልቁን ቪቴ ደግሞ ቀስ ብለህ እስኪነካ ዝጋና ሁለት ዙር ያህል ክፈት። አታጥብቀው፣ ጫፉ ከተጎዳ ዳግመኛ በትክክል አይሠራም። ሞተሩን አሙቅ፣ የአየር ፊልትሮውን ክደን። በድብልቁ ቪቴ ሞተሩ ከሁሉ በላይ የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልግ። በፍጥነቱ ቪቴ በደቂቃ 690 ዙር ላይ አድርገው። ሁለቱን እየደጋገምክ ከዚያ በላይ መፍጠን ሲያቅተው፣ የድብልቁን ቪቴ 650 እስኪወርድ ድረስ ወደ ውስጥ አዙረው። እዚያ ላይ ተወው።

አንድ አደራ፦ አሮጌውን ካርቡራተር አትጣል። ኦሪጅናሉ ቢያረጅም የቀዳዳዎቹ ልክ ለዚህ ሞተር የተሠራ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው አዲስ ብዙ ጊዜ ልኩ አይገጥምም። የሰነፈውን ሲሊንደር ቁጥር ስታገኝ ጻፍልኝ፣ ከዚያ አብረን እንቀጥላለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነኝ። አሮጌ ባለ ካርቡራተር ቶዮታ ፒክአፕ አለችኝ፣ ሹፌር ቀጥሬ ነው የማሠራት። ጠዋት ጠዋት ምንም አይላትም። ቀን በሙቀቱ ታይዋን ገበያ ዕቃ ለማውረድ ትንሽ ቆማ ስትነሳ ግን ትንተፋተፋለች፣ ሚኒሞ አትይዝም፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ይተዋታል። ሹፌሩ ካርቡራተር ይቀየር ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ካርቡራተር አትቀይሪ። የነገርሽኝ የሙቀት ነገር ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ቬንቲላተሩም ይቆማል፣ ከሥር ያለው ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይፈላና ወደ ማኒፎልዱ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ስትነሳ ቤንዚን በዝቶባታል። ሽታውም ለዚህ ነው። ሹፌርሽ ሲያስነሳ ነዳጁን ደጋግሞ አይምታ። አንዴ እስከ መጨረሻው ረግጦ ይያዝና ያስነሳ፣ ስትነሳ ይልቀቅ።

ለዘለቄታው ሦስት ነገር አሳዪ። በካርቡራተሩና በማኒፎልዱ መካከል ያለችው ሙቀት ማገጃ በቦታዋ አለች ወይ? አንዳንድ ጋራዥ ስትሰበር ጥሎ በተራ ጓርኒሲዮን ብቻ ያስረዋል። የቤንዚኑ ቱቦ ከጭስ ማውጫው ርቆ ነው የሚያልፈው ወይስ ተጠግቶ? ማኒፎልዱ ሥር በብርድ ጊዜ እንዲሞቅ የሚያደርግ ክዳን ካለ ደግሞ በዝገት ተጣብቆ ሁልጊዜ እያሞቀ እንዳይሆን በእጅ ያንቀሳቅሱት። ፋብሪካው የሠራው የቆርቆሮ መከለያም ወልቆ ከሆነ ይመለስ። ሰው «ጌጥ ነው» እያለ ይጥለዋል። ለድሬ ግን ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከአወዳይ፣ ጋራዥ ውስጥ ሙያ እየተማርኩ ያለሁ ልጅ ነኝ። የተደፈነ የካርቡራተር ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ስንወጋ አንዱ ደንበኛ ተቆጣን። ስህተት ነው ወይ ጋሼ?

መልስ፦ አዎ ልጄ፣ ደንበኛው ልክ ነው። ቀዳዳው ያለበት ዕቃ ናስ ነው፣ ለስላሳ ነው። የብረት ሽቦ ይፍቀዋል። ቀዳዳው በዓይን በማይታይ ልክ ሲሰፋ ቤንዚን ይበዛል፣ ከዚያ በኋላ በቪቴ አይስተካከልም። ፈትተህ ማጠቢያ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር ከሁለቱም በኩል ንፋው። ዓይንህን በመነጽር ጠብቅ። አሁንም እምቢ ካለ ከአዲስ የጥርስ ብሩሽ አንድ ክር ንቀልና በእሱ ግፋው። ወደ ብርሃን ይዘህ እየው፤ ክብ ሆኖ፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ መታየት አለበት።